ሜሞሪ እየበላ የሚሞት ፕሮግራምን ማስተካከል፦ ከጣና ዳር ቦርድ እስከ ከርነል፣ ደረጃ በደረጃ

«ሪስታርት አድርገው፣ ይስተካከላል።» ይህችን ምክር ያልሰጠ የአይቲ ሰው የለም። የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሥራቷ ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ የያዘውን ሜሞሪ ሁሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መልሶ ይረከባል። ሲነሳ ከዜሮ ይጀምራል። ስህተቱ ግን ኮዱ ውስጥ እንደተጋደመ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ሪስታርቱን ብዙ ጊዜ እኛ አናደርገውም፤ መብራት ያደርግልናል። በየጥቂት ቀኑ መብራት የሚሄድበት ቦታ የተሰቀለ ቦርድ፣ ሜሞሪ የሚያፈስ ፕሮግራም ተሸክሞ ለወራት ጤነኛ መስሎ ሊኖር ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ሶላርና ባትሪ የተገጠመለት ጊዜ ነው።

ምሳሌ እንያዝ። ጣና ዳር አንድ የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል አለ እንበል። ውስጡ የሙቀት ሴንሰር አለ። ውጭ ግድግዳው ላይ ባለ64 ቢት ትንሽ የሊኑክስ ቦርድ ተሰቅሏል። ቦርዱ ላይ በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ይሠራል፤ በየ10 ሰከንዱ ሙቀቱን አንብቦ በሲም ካርድ ሞደም ወደ ሰርቨር ይልካል። ባትሪ ከተገጠመለት ወዲህ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ዝም ይላል። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ይደውላሉ፦ «ልጄ፣ ያቺ ሣጥንህ ደግሞ ዝም አለች። አምባዛው ሳይበላሽብን ድረስልን።» እናንተም በባጃጅ ሄዳችሁ፣ ነቅላችሁ ትሰካላችሁ። ይሠራል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ስልኩ ይጮኻል።

ይህ መመሪያ ነቅሎ መሰካቱን ለማስቀረት ነው። ሲ ቋንቋና የሊኑክስ ተርሚናል ለሚያውቅ ሰው ነው የተጻፈው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ያላችሁ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች አትቸገሩም። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ታስገቧቸዋላችሁ።

1. መጀመሪያ በእርግጥ እየፈሰሰ መሆኑን አረጋግጡ

ሜሞሪ ይፈስሳል (በእንግሊዝኛው ሊክ) የምንለው ፕሮግራሙ በማሎክ ሜሞሪ ጠይቆ ሲወስድና፣ በፍሪ ሳይመልስ አድራሻውን ሲጥለው ነው። አድራሻው ከጠፋ ያንን ቦታ ሊመልስ የሚችል የለም። ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ተይዞ ይቀራል።

ራም ያስጨረሰ ሁሉ ግን ይህ አይደለም። የሚከተሉትን ሳታጣሩ ኮድ አትክፈቱ።

«ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ስታስገቡ «ፍሪ» የሚል ዓምድና «አቬይለብል» የሚል ዓምድ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ትንሽ ቢሆን አትደንግጡ። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ራም አይወድም፤ ከዲስክ ያነበባቸውን ፋይሎች ያስቀምጥበታል፣ ሲፈለግ ይለቀዋል። የሚታየው «አቬይለብል» ነው። እሱ ከቀን ቀን እየወረደ ከሄደ እውነተኛ ችግር አለ።

ቀጥሎ «ዲኤፍ» ብላችሁ ቲኤምፒኤፍኤስ የሚሉ መስመሮችን ተመልከቱ። እነዚህ ፋይል ቢመስሉም ራም ውስጥ ነው ያሉት። ብዙ ትንንሽ ቦርዶች ሚሞሪ ካርዳቸው ቶሎ እንዳያልቅ ሎጋቸውን እዚያ ይጽፋሉ። ሎጉን የሚያጸዳው ከሌለ በየቀኑ ያድጋል። ያኔ ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው፤ ራሙን የሚበላው የሎግ ፋይሉ ነው። በአምስት ደቂቃ የሚፈታ ነገር ስለሆነ ቀድሞ ማየቱ ያዋጣል።

ሦስተኛው የከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል፣ ሎግ ነው። «ዲሜስጅ» ውስጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ብሎ የገደለውን ፕሮሰስ ስም የጠራ መስመር ካለ፣ ራም አልቆ ከርነሉ ራሱ ገድሎታል ማለት ነው። «ሴግፎልት» የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ፕሮግራሙ የማይገባው ቦታ ረግጦ ነው የሞተው፤ በቀጥታ ወደ 5ኛው ደረጃ ዝለሉ። ቦርዱ ሲጠፋ ይህ ሎግ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ «ቫር» ሥር፣ «ሎግ» ውስጥ «ጆርናል» የሚባል ማውጫ ፍጠሩለት። ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚጠብቀው ፕሮግራም) ያንን ማውጫ ካገኘ ሎጉን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል።

2. ለኩ፣ ከዚያ አካፍሉ

ሰዎች የሚቸኩሉበት ደረጃ ይህ ነው። እኔ ብትሉኝ ግን የሥራው ግማሽ እዚህ ያልቃል።

በየደቂቃው አንድ መስመር የሚጽፍ አጭር ስክሪፕት አዘጋጁ። ከ«ፕሮክ» ማውጫ፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር «ስታተስ» የሚል ፋይል አለ። ከእሱ ሁለት ቁጥሮች ውሰዱ። አንዱ ቪኤምአርኤስኤስ ነው፤ ፕሮሰሱ በእርግጥ ራም ላይ የያዘው። ሌላው ቪኤምዳታ ነው፤ ለዳታ ብሎ የጠየቀው ጠቅላላ ቦታ። ከዚያው «ኤፍዲ» የሚለው ማውጫ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ቁጠሩ። እነዚያ የተከፈቱ ፋይሎችና ሶኬቶች ናቸው። በመጨረሻ ሰዓቱንና ያኔ ኔትወርክ ይኑር አይኑር ጨምሩበት። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ተዉት፤ ሳምንት ከሆነ የተሻለ።

ከዚያ በግራፍ ሣሉት። ሲነሳ ትንሽ ወጥቶ ቀጥ ያለ መስመር ጤነኛ ነው። ያለማቋረጥ የሚወጣ መስመር በእያንዳንዱ ዙር የሚፈስ ነገር እንዳለ ይነግራችኋል። ከሁሉም የሚያወራው ግን ደረጃ የሚሠራው ነው፤ ለሰዓታት ዝም ይላል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ዝም ይላል። ያኔ ጥያቄው «ሲወጣ ምን ነበር የተፈጠረው?» ይሆናል።

በምሳሌያችን መስመሩ የወጣው ኔትወርክ በጠፋባቸው ሰዓታት ብቻ ነው። ኔትወርክ ሲመለስ ቀጥ ይላል። አልወረደም፣ አልጨመረምም። ስለዚህ ጥፋቱ መላክ ሲሳካ የሚሠራው ኮድ ውስጥ አይደለም። መላክ ሳይሳካ ሲቀር የሚሠራው ውስጥ ነው። ገና አንድ መስመር ኮድ ሳናይ ፍለጋው በጣም ጠበበ።

አሁን ማካፈል። በ10 ሰከንድ አንዴ ማለት በሰዓት 360 ሙከራ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቪኤምዳታ በአማካይ በሰዓት 2,886 ኪሎባይት ያህል ጨመረ እንበል። ያንን ወደ ባይት ቀይራችሁ ለ360 ስታካፍሉት 8,208 ገደማ ይመጣል። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጂሊብሲ፣ ማለትም የሊኑክስ መደበኛ የሲ ላይብረሪ፣ በባለ64 ቢት ማሽን ላይ ማሎክ በጠየቃችሁት ላይ 8 ባይት ለራሱ ይጨምርና ወደሚቀጥለው የ16 ብዜት ያደርሰዋል። 8,192 ሲደመር 8፣ 8,200 ነው፤ ወደ 16 ብዜት ሲደርስ 8,208። እንግዲህ የሆነ ቦታ 8,192 ባይት የሚጠይቅ ማሎክ አለ፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥርም አይመለስም። ኮዱ ውስጥ 8192 ወይም 8 ሲባዛ 1024 ብላችሁ ፈልጉ። አንዳንዴ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ሁለት ማሳሰቢያ። ሂፑ (ማሎክ ሜሞሪ የሚሰጥበት ክልል) የሚያድገው ወደ 130 ኪሎባይት በሚጠጋ እርከን ስለሆነ የአምስት ደቂቃ ልኬት ያሳስታል፤ ሰዓታት ይዛችሁ አማካይ አውጡ። ሌላው፣ ቪኤምአርኤስኤስ ከቪኤምዳታ በግማሽ ያህል ቀስ ብሎ ሲወጣ ብታዩ ልኬቱ አልተሳሳተም። ሊኑክስ ራም የሚሰጠው የተጻፈበትን ገጽ ብቻ ነው፤ አንዱ ገጽ በአብዛኛው 4,096 ባይት ነው። ባፈሩ (መልእክቱ የሚዘጋጅበት ቦታ) 8,192 ባይት ሆኖ መልእክቱ 200 ባይት ከሆነ፣ ሁለተኛው ገጽ በአብዛኛው አልተነካም። በወረቀት የተሰጠውና በተግባር የተያዘው የሚለያየው ለዚህ ነው።

3. ችግሩን ወደ ላፕቶፓችሁ አምጡት

ቦርዱ ላይ ተቀምጦ መመርመር ጊዜ መግደል ነው። ራሙ ትንሽ፣ ፍጥነቱ ደካማ፣ ደግሞም ዓሣው እየተጠበቀ ነው። ፕሮግራሙን ላፕቶፕ ላይ ኮምፓይል አድርጉት። ለኮምፓይለሩ አራት ነገር ስጡት፦ «ጂ» የምትለዋ ምልክት የመስመር ቁጥሮች እንዲታዩ፣ «ኦ1» ኮዱ ብዙ እንዳይገለባበጥ፣ «ኖ ኦሚት ፍሬም ፖይንተር» የጥሪው ሰንሰለት ሳይቆረጥ እንዲነበብ፣ «ዎል» እና «ዌክስትራ» ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንዲወጣ። ማስጠንቀቂያዎቹን በእርግጥ አንብቧቸው፤ ጌጥ አይደሉም።

የጂሲሲ ኮምፓይለር ቨርዥን 10 ከወጣበት ከ2020 ጀምሮ «ኤፍአናላይዘር» የሚባል አማራጭ አለ። ፕሮግራሙን ሳያሠራ የኮዱን መንገዶች ይከተልና «በዚህ በኩል ከተወጣ ይህ ሜሞሪ አይመለስም» ይላል። አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ ትልቅ ኮድ ላይም ይዘገያል። ለሲ ፕሮግራም ግን መሞከሩ ምንም አያስከፍልም።

ቀጥሎ የኔትወርክ መጥፋትን በፈለጋችሁ ጊዜ ማምጣት አለባችሁ። ሲም ካርድ መንቀልና መሰካት አያስፈልግም። የሰርቨሩን አድራሻ ወደ ራሳችሁ ላፕቶፕ፣ ማንም ወደማያዳምጥበት ፖርት ቀይሩት። ግንኙነቱ ወዲያው እምቢ ይባላል። የ10 ሰከንዱን ቆይታ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ብታወርዱት፣ በጣና ዳር አንድ ሰዓት የሚፈጀው 360 ሙከራ በአራት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋት ነገር አለች። «እምቢ» መባልና መልስ ማጣት ሁለት የተለያዩ የኮድ መንገዶች ናቸው። ኔትወርክ በእውነት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ማንም እምቢ አይላችሁም፤ ጥሪው ዝም ይልና ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ በ«አይፒቴብልስ»፣ በሊኑክስ ፋየርዎል፣ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን ሁሉ «ድሮፕ» አድርጋችሁ ያንንም ለብቻው ሞክሩት። ሦስተኛው ደግሞ ግንኙነቱ ተከፍቶ ግማሽ ከተላከ በኋላ መቋረጥ ነው። በሞደም መስመር ላይ ይህኛው ብርቅ አይደለም።

4. ቫልግሪንድን ማስነሳትና ሪፖርቱን ማንበብ

ቫልግሪንድ ከ2002 ጀምሮ ያለ መሣሪያ ነው። ጁሊያን ሲዋርድ የጀመረው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራማችሁን እንደ ሰው ሠራሽ ፕሮሰሰር ሆኖ ያሠራላችሁና እያንዳንዱን ማሎክና ፍሪ ይመዘግባል። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ ፕሮግራሙ በ20 እና በ30 እጥፍ ሊዘገይ ይችላል። ለእኛ ጉዳይ ችግር የለውም።

የምትሰጡት አማራጭ፦ «ሊክ ቼክ» ፉል፣ «ሾው ሊክ ካይንድስ» ኦል፣ «ትራክ ኤፍዲስ» የስ። ፕሮግራሙ በ«ኤግዜክ» ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳ ከሆነ «ትሬስ ችልድረን» የስ ጨምሩ፤ አለዚያ ቫልግሪንድ ያንን የተነሳውን ፕሮግራም አያይም።

ሪፖርቱ የሚወጣው ፕሮግራሙ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። «ኪል 9» ካላችሁት ምንም አታገኙም። ስለዚህ ሲግተርም (በሥርዓት ዝጋ የሚለው ምልክት) ሲደርሰው ከሉፑ ወጥቶ፣ ያለውን አጽድቶ ከሜይን የሚመለስ አድርጉት። ለሰርቪስ ፕሮግራም ይህ በራሱ ጥሩ ጠባይ ነው።

100 ያልተሳኩ ሙከራዎች አሠርታችሁ ሲግተርም ላኩለት። ሪፖርቱ ውስጥ እንዲህ የሚል ታገኛላችሁ፦ በ100 ብሎክ 819,200 ባይት «ዴፊኒትሊ ሎስት»። ከሥሩ ሰንሰለቱ አለ። ከላይ ማሎክ፣ ቀጥሎ መልእክቱን የሚያዘጋጀው ፈንክሽን፣ ቀጥሎ የሚልከው፣ መጨረሻ ላይ ሜይን። ከያንዳንዱ ጎን የፋይል ስምና የመስመር ቁጥር አለ።

ከመስመሩ ቁጥር በፊት የብሎኩን ብዛት ተመልከቱ። 100 ሙከራ፣ 100 ብሎክ። በእያንዳንዱ ውድቀት አንድ። 99 ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው ገና በእጅ ነበር ማለት ነው። 1 ብቻ ቢሆን ደግሞ ሲነሳ አንዴ የተወሰደ ነው፤ የእኛ ጥፋተኛ እሱ አይደለም። 819,200 ለ100 ሲካፈል 8,192። በ2ኛው ደረጃ ከግራፉ ያገኘነው ቁጥር ራሱ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ የያዛችሁት ሊክ ቦርዱን የሚገድለው ራሱ መሆኑን ታውቃላችሁ። ባይገጥሙ አንድ ሊክ አግኝታችኋል፣ ዋናው ግን ገና አልተገኘም።

የሪፖርቱ አራት ምድቦች እኩል አያሳስቡም። «ዴፊኒትሊ ሎስት» አድራሻው ጨርሶ የጠፋ ነው፤ ሁልጊዜ ይስተካከላል። «ኢንዳይሬክትሊ ሎስት» በጠፋው ውስጥ የተንጠለጠለ ነው፤ ዋናው ሲስተካከል ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። «ስቲል ሪቸብል» ፕሮግራሙ ሲዘጋ አድራሻው ገና የሚታወቅ ነው፤ በመጠኑ ቋሚ ከሆነ ተዉት። «ፖሲብሊ ሎስት» የሚያጠራጥረው ነው። እዚያ ውስጥ «አሎኬት ዲቲቪ» የሚል ስም ካያችሁ ነገሩ ከትሬድ ጋር የተያያዘ ነው፦ ብዙ ጊዜ የተከፈተ ትሬድ ጆይንም ዲታችም አልተደረገም። በየሙከራው አዲስ ትሬድ የምትከፍቱ ከሆነ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የስታኩ ቦታ ሳይመለስ ይከማቻል።

«ትራክ ኤፍዲስ» ያልነው ለሶኬቶች ነው። ሶኬት ሳይዘጋ መቅረት የሜሞሪ ሊክ ወንድም ነው፣ ግን ቶሎ ይገድላል። በብዙ ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮሰስ መክፈት የሚችለው ልማዳዊ ጣሪያ 1,024 ነው። በሰዓት 360 ሶኬት ከፈሰሰ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ይላል። ያኔ ፕሮግራሙ አይሞትም፤ በሕይወት እያለ ግን ምንም መክፈት አይችልም። ከውጭ ለሚያይ ሰው «ዝም አለች» ማለት ነው።

5. አድረስ ሳኒታይዘር

ይህ ሌላ የሜሞሪ ስህተት መፈተሻ ነው፤ ሴግፎልት ላጋጠማችሁ፣ ወይም ቫልግሪንድ ከልክ በላይ ለዘገየባችሁ። ከጉግል የወጣ ሥራ ነው፤ ከጂሲሲ 4.8፣ ማለትም ከ2013 ጀምሮ፣ ኮምፓይለሩ ውስጥ አለ። «ኤፍሳኒታይዝ» አድረስ ብላችሁ ኮምፓይል ማድረግና ሊንክ ማድረግ ብቻ ነው። ፍጥነቱን በሁለት እጥፍ ገደማ ቢቀንሰው ነው። በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ሊክንም አብሮ ይፈትሻል።

ከባፈር አልፎ ሲጻፍ፣ የተመለሰ ሜሞሪ ሲነካ፣ አንድ ሜሞሪ ሁለት ጊዜ ፍሪ ሲደረግ፣ እዚያው ቆሞ የት እንደተወሰደ፣ የት እንደተመለሰና የት እንደተነካ ሦስቱንም ሰንሰለት ያወጣል። ሜሞሪ በብዛት ስለሚበላ ቦርዱ ላይ አትጫኑት። ከቫልግሪንድ ጋርም በአንድ ላይ አይሠራም፤ አንዱን ምረጡ። በጂዲቢ (በዲበገሩ) ውስጥ ስታሠሩት ደግሞ የሊክ ፍተሻው እምቢ ይላል።

6. ማስተካከል፦ ይህን ሜሞሪ የሚመልሰው ማነው?

አሁን ኮዱን ክፈቱ። የሚልከው ፈንክሽን ቅርጽ ይህን ይመስላል፦ ባፈር ይጠየቃል። ሶኬት ይከፈታል። ካልተከፈተ፣ ሲቀነስ 1 ይዞ ይመለሳል። ይገናኛል። ካልተገናኘ ሶኬቱን ዘግቶ፣ ሲቀነስ 1 ይዞ ይመለሳል። ይልካል። መጨረሻ ላይ ሶኬቱ ይዘጋል፣ ባፈሩ ፍሪ ይደረጋል፣ ዜሮ ይመለሳል።

የጻፈው ሰው ፍሪ ማድረግ አልረሳም። ከታች አለ። ግን ከፈንክሽኑ መውጫው ሦስት ነው፤ ፍሪ ያለው አንዱ በር ላይ ብቻ ነው። የሜሞሪ ሊክ በአብዛኛው የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ሁሉ ሲሳካ በሚኬድበት መንገድ ላይ ሳይሆን፣ ማንም በማይሞክረው የስህተት መንገድ ላይ።

በየመውጫው ፍሪ መጨመር ይሠራል። ነገ ግን ሌላ ሰው አራተኛ መውጫ ይጨምርና እንደገና ይፈሳል። የተሻለው አንድ መውጫ ማድረግ ነው። ከላይ ባፈሩን ነል፣ ሶኬቱን ሲቀነስ 1፣ ውጤቱን ሲቀነስ 1 ብላችሁ ጀምሩ። የትም ስህተት ቢፈጠር በ«ጎቱ» ወደ ታች፣ ማጽጃ ወደሚባል ምልክት ዝለሉ። እዚያ ሶኬቱ ክፍት ከሆነ ይዘጋል፣ ባፈሩ ፍሪ ይደረጋል፣ ውጤቱ ይመለሳል። ነልን ፍሪ ማድረግ ችግር የለውም፤ የቋንቋው ደረጃ ይፈቅዳል። ክፍል ውስጥ ጎቱ ነውር ነው ተብሎ የተማራችሁ አትሸማቀቁ። የሊኑክስ ከርነል ኮድ በዚህ አሠራር የተሞላ ነው።

ጂሲሲና ክላንግ ደግሞ «ክሊንአፕ» የሚል አትሪቢዩት አላቸው። ተለዋዋጩ ከክልሉ ሲወጣ የማጽጃ ፈንክሽኑ በራሱ ይጠራል። ሲስተምዲ በስፋት ይጠቀምበታል፤ ከርነሉም በ2023 ተቀብሎታል። በሌላ ኮምፓይለር የማትሠሩ ከሆነ እሱን እመርጣለሁ።

ሌሎች የታወቁ ወጥመዶችን እግረ መንገዳችሁን እዩ። የሪያሎክን ውጤት በዚያው ፖይንተር ላይ መልሶ መጻፍ፦ ሪያሎክ ካልተሳካ ነል ይመልሳል፣ የድሮው አድራሻ ተሰረዘ፣ የድሮው ሜሞሪ ግን እንዳለ ነው። በሌላ ፖይንተር ተቀበሉት። ስትርደፕ፣ ጌትላይን እና ኤኤስፕሪንትኤፍ ደግሞ ማሎክ የሚል ቃል ሳይታይባቸው ሜሞሪ ይወስዳሉ፤ መመለሱ የእናንተ ዕዳ ነው። ስትራክት ፍሪ ስታደርጉ ውስጡ ያሉት ፖይንተሮች አብረው አይመለሱም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚጸዳው።

ሁሉንም የሚያስረው ጥያቄ ከላይ በርዕሱ ያለው ነው። ለእያንዳንዱ የተወሰደ ሜሞሪ ባለቤቱ አንድ መሆን አለበት። ባለቤት ከሌለው ይፈሳል። ሁለት ባለቤት ካለው ሁለት ጊዜ ፍሪ ይደረግና ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ይህኛው ከሊኩ ይብሳል። ፖይንተር የሚመልስ ወይም የሚቀበል ፈንክሽን ሁሉ ላይ «መላሹ ጠሪው ነው» ወይም «እኔ እመልሳለሁ» የሚል አንድ መስመር ኮመንት ጻፉ። በቡድን ስትሠሩ ክርክር ያሳጥራል።

7. «ምንም አልፈሰሰም» ይላል፣ ራሙ ግን ያልቃል

አሁን በጣም አድካሚው ዓይነት። ቫልግሪንድ ዜሮ ሎስት ይላል፣ ግራፉ ግን ይወጣል።

አንደኛው ምክንያት ማብቂያ የሌለው ወረፋ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ያልተላኩ መልእክቶችን በዝርዝር ይዞ፣ ሲመለስ ሊልክ የተጻፈ ፕሮግራም አስቡ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አድራሻቸው ሁሉ ይታወቃል፣ አንድም የጠፋ የለም። ግን ኔትወርኩ ለሦስት ቀን ቢጠፋ? በቀን 8,640 ንባብ ነው፤ በሦስት ቀን 25,920። ለእያንዳንዱ 8,192 ባይት ከያዛችሁ ከ200 ሜጋባይት በላይ ነው። ለ200 ባይት መልእክት!

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ለእያንዳንዱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ያዙ። ለወረፋውም ጣሪያ አበጁለት፤ ሲሞላ አሮጌው ይውጣ ወይም ወደ ፋይል ይጻፍ። ለዓሣ ማቀዝቀዣ ቢሆን እኔ ወደ ፋይል እላለሁ፤ ኋላ «በዚያች ሌሊት ሙቀቱ ስንት ነበር?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

እንዲህ ያለውን ለማግኘት የቫልግሪንድ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ማሲፍ ይባላል። የጠፋውን ሳይሆን የተያዘውን በየጊዜው ፎቶ ያነሳና ከየትኛው ፈንክሽን እንደመጣ በመቶኛ ያሳያል። ሂፕትራክም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ ይፈጥናል፣ ለዓይንም ይመቻል።

ሁለተኛው ምክንያት መበጣጠስ ነው። ሜሞሪው ተመልሷል፣ ግን በመካከሉ ገና የተያዙ ትንንሽ ቁራጮች ስላሉ ጂሊብሲ ለሲስተሙ ሊያስረክበው አልቻለም። ብዙ ትሬድ ባለበት ይባባሳል፤ ትሬዶቹ የየራሳቸውን የሜሞሪ ክልል ይይዛሉና። «ማሎክ አሬና ማክስ» የሚለውን ተለዋዋጭ 1 ወይም 2 አድርጋችሁ አስነሱት። ግራፉ ጋብ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

8. ፕሮሰሶቹ ሁሉ ጤነኛ ሆነው ራም ካነሰ፦ ከርነል

የሁሉም ፕሮሰስ መስመር ቀጥ ብሎ «አቬይለብል» እየወረደ ከሆነ፣ «ፕሮክ» ሥር ባለው «ሜምኢንፎ» ፋይል ውስጥ «ኤስአንሪክሌም» የሚለውን ቁጥር ተከታተሉ። እሱ እየወጣ ከሆነ የሚያፈሰው ከርነሉ ወይም አንድ ድራይቨር ነው። ለሞደም ወይም ለሴንሰር ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ድራይቨር ካለ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። «ስላብቶፕ» የትኛው የዕቃ ዓይነት እንደሚበዛ ያሳያችኋል።

ከርነሉ የራሱ መፈተሻ አለው፤ ኬሜምሊክ ይባላል። ከቨርዥን 2.6.31፣ ከ2009 ጀምሮ አለ። ሲኮንፊገር «ዲበግ ኬሜምሊክ» በርቶ መገንባት አለበት። ከዚያ በዲበግኤፍኤስ (የከርነሉ መመርመሪያ ፋይሎች የሚታዩበት ማውጫ) ሥር ባለው ፋይሉ ላይ «ስካን» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ መልሳችሁ ታነቡታላችሁ። አንዳንዴ በሐሰት ስለሚከስ ሁለት ጊዜ አስፈትሹት፤ በሁለቱም የታየውን ብቻ ያዙ። ድራይቨሩ የራሳችሁ ከሆነ «ዴቭኤም» በሚል የሚጀምሩትን ፈንክሽኖች ተጠቀሙ፤ ዕቃው ሲነቀል ሜሞሪው በራሱ ይመለሳል።

9. መዳኑን ማረጋገጥና መልሶ መስቀል

ኮዱን ካስተካከላችሁ በኋላ የ3ኛውን ደረጃ ሦስት የውድቀት ዓይነቶች ደግማችሁ አሠሩ። 100 አይበቃም፤ 10,000 ይሁን። ከጂሊብሲ 2.33 ጀምሮ ያለው «ማልኢንፎ2» በዚያ ሰዓት በእጅ ያለውን ሜሞሪ ይነግራችኋል። ከ1,000ኛው ዙርና ከ10,000ኛው ዙር በኋላ ያሉት ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። ይህን ራሱን የቻለ ቴስት አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ሊኩ መቼ እንደገባ ካላወቃችሁ፣ ይኸው ቴስት ለ«ጊት ባይሴክት» ይሆናል። 1,000 ኮሚት ቢኖር በ10 ያህል ሙከራ ጥፋተኛውን ያወጣላችኋል።

ቦርዱ ላይ ስትጭኑት በሲስተምዲ ፋይሉ ውስጥ «ሜሞሪ ማክስ» ጣሪያ፣ «ሪስታርት» ደግሞ «ኦን ፌይለር» አድርጉ። ጣሪያውን ሲያልፍ ቦርዱን ይዞ ከመስመጥ እሱ ብቻ ይገደልና ይነሳል፤ ሎጉ ላይም «ኦኦኤም ኪል» የሚል ይቀራል። እዚያ መስመር ላይ ዓይናችሁን ጣሉ፤ ማንም ካላየው ያው መብራቱ ይሠራው የነበረው ሥራ ነው።

በመጨረሻ ቪኤምአርኤስኤስንና የተከፈቱ ፋይሎችን ቁጥር ከሙቀቱ ጋር አብራችሁ ወደ ሰርቨሩ ላኩ። ጥቂት ባይት ነው። ባጃጅ ሳትይዙ ከቢሮ ታዩታላችሁ። የማንቂያውን ገደብ ለመወሰን አንድ ሳምንት ጠብቁ፣ በዚያ ሳምንት የታየውን ከፍተኛ ቁጥር ውሰዱ፣ ግማሹን ጨምሩበት። ሜሞሪ ማክስን ደግሞ እጥፉ ላይ አድርጉት።